«ቢኮዝ» ብዬ የጻፍኩት ተገልብጦ ተነበበብኝ፤ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ጠያቂዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በሥራዬ ምክንያት በየቀኑ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ፤ ብዙም አልቸገርም። ሰሞኑን ግን «ቢኮዝ» የምትለው ቃል ጉድ ሠራችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃት፣ «ምክንያቱም» ማለት ናት ተብዬ የተማርኳት፣ አንድም ቀን መዝገበ ቃላት ገልጬ ያላየኋት ቃል ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንድ ባልደረባዬ ጋር አብረን የያዝነው ሥራ አለ። የስብሰባ ቀን ተቆርጦ ነበር። ከዚያ ሌሎቹ «ቀኑ ይቀየር» አሉ። እኔ ደግሞ እሱ ሌላ ቀን እንደማይመቸው ስለማውቅ «አይሆንም» ብዬ ተከራከርኩ፤ ቀኑም በነበረበት ጸና። ይህንኑ ልነግረው ፈለግኩ። በአማርኛ ያሰብኩት «ቀኑን ያልቀየርኩት ለአንተ ብዬ ነው» የሚል ነበር። በእንግሊዝኛ እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦

«አይ ዲድንት ቼንጅ ዘ ዴት ቢኮዝ ኦፍ ዩ።»

መልሱን ሳይ ደነገጥኩ። «እሺ፣ ታዲያ በማን ምክንያት ነው የቀየርሽው? አዲሱ ቀንስ መቼ ነው?» ይላል። ቃናውም ቀዝቀዝ ያለ ነው። እኔ የቀየርኩት ቀን የለም! ዓረፍተ ነገሩን ደጋግሜ አነበብኩት። «ዲድንት ቼንጅ» ይላል፣ አልቀየርኩም ማለት ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ደውዬ አስረዳሁትና ተግባባን። ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እሱ አፉን የፈታው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ አነባበቡ ከመሬት የመጣ አይደለም። እንዴት እንዲያ ሊነበብ ቻለ? ደግሞ አንዴ ከተነሳ አይቀር፣ «ሲንስ» እና «አዝ» የሚሉትስ ከ«ቢኮዝ» በምን ይለያሉ? ትምህርት ቤት «ዓረፍተ ነገር በቢኮዝ አይጀመርም» ተብለን ተቆጥተውናል፣ እሱስ እውነት ነው? የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አብራሩልኝ። «ቢኮዝ ማለት ምክንያቱም ነው» የሚለውን መልስ ግን አውቀዋለሁ።


የድሮ አስተማሪ፦

እህቴ፣ ሰዋስውሽ ላይ ስህተት የለም። ችግሩ ያ ዓረፍተ ነገር ሁለት ቦታ ላይ የሚታጠፍ መሆኑ ነው። አንቺ በአንዱ በኩል አጥፈሽ ላክሽው፣ ባልደረባሽ በሌላው በኩል አጥፎ አነበበው።

በእንግሊዝኛ «ኖት» የምትለው አሉታ ቀድማ ትመጣለች፣ ምክንያቱ ደግሞ መጨረሻ ላይ ይመጣል። አንባቢው «ዲድንት» ላይ ሲደርስ አሉታው የት ድረስ እንደሚዘልቅ ገና አያውቅም። ግሱ ላይ ሊያቆም ይችላል፤ ያኔ «አልቀየርኩም፣ ምክንያቱም አንተ» ይሆናል። ግሱን አልፎ እስከ ምክንያቱ ድረስ ሊሄድም ይችላል፤ ያኔ «የቀየርኩት በአንተ ምክንያት አይደለም» ይሆናል። በዚህኛው አነባበብ ቀኑ ተቀይሯል! የተካደው ምክንያቱ ብቻ ነው። ባልደረባሽ «ታዲያ በማን ምክንያት?» ያለው ለዚህ ነው። በእሱ በኩል ትክክለኛ ጥያቄ ነው የጠየቀው።

አማርኛ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጫቸው፦

«ያልቀየርኩት በአንተ ምክንያት ነው።»

«የቀየርኩት በአንተ ምክንያት አይደለም።»

አየሽ? አሉታው ቦታ ቀየረ። በመጀመሪያው «ያልቀየርኩት» ውስጥ ገብቷል፣ በሁለተኛው «አይደለም» ላይ ወጥቷል። ሁለት ቤት አለው። ስለዚህ እኛ ሳናስበው እንለያቸዋለን። የእንግሊዝኛው «ዲድንት» ግን አንድ ቤት ብቻ ስላላት ሁለቱንም ትርጉም እዚያው ታሳድራለች። ከአማርኛ የሚመጣ ሰው ወጥመዱን የማያየው ለዚህ ይመስለኛል። በራሳችን ቋንቋ ጥያቄው አይነሳማ።

ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምሰጠው ምሳሌ ይህ ነበር፦ «ሂ ዲድንት ሊቭ ቢኮዝ ሂ ዋዝ አንግሪ።» ሰውዬው ሄዷል ወይስ አልሄደም? ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «ስለተናደደ አልሄደም፣ እዚያው ተቀምጧል» ይላል። ግማሹ «ሄዷል፣ የሄደው ግን ተናዶ አይደለም» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን በድምፅ አነብላቸዋለሁ። «ሊቭ» ላይ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ትንሽ ካረፍኩ አልሄደም። ሳላርፍ ቀጥዬ መጨረሻው ላይ ድምፄን አንጠልጥዬ ከተውኩት ሄዷል፣ ሌላ ምክንያት ሊነገር ነው። በአፍ ሲነገር ድምፅ ያድናል። በጽሑፍ ድምፅ የለም፤ ኢሜይል ላይ ሰው የሚጣላው በዚህ በዚህ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ምክንያቱን ወደ ፊት ማምጣት ትችያለሽ፦ «ቢኮዝ ኦፍ ዩ፣ አይ ዲድንት ቼንጅ ዘ ዴት።» አሁን ምክንያቱ ከአሉታው በፊት ስለሆነ አሉታው አይደርስበትም፤ ሁለተኛው አነባበብ ይጠፋል። ከዚህም የሚሻለው አሉታውን ጭራሽ ማስወገድ ነው። «አልቀየርኩም» ከማለት «እንዳለ አቆየሁት» በይ፣ «አይ ኬፕት ዘ ዴት»። አሉታ ከሌለ የሚታጠፍ ነገር የለም።

ዓረፍተ ነገር በ«ቢኮዝ» አይጀመርም የሚለው ሕግ እውነት አይደለም። እኔም በወጣትነቴ አስተምሬዋለሁ፣ ዛሬ ግን አላስተምረውም። ልጆች «ቢኮዝ ኢት ዋዝ ሬይኒንግ» ብለው ነጥብ አድርገው ይተውታል። ዋናው ሐሳብ የለም፣ ጭራው ብቻ ነው የተጻፈው። መምህሩ እያንዳንዱን ከማስረዳት «በቢኮዝ አትጀምሩ» ብሎ ይገላገላል። ዋናው ሐሳብ ተከትሎ እስከመጣ ድረስ መጀመር ይቻላል። «ዋይ?» ተብሎ ለተጠየቀ ጥያቄ ሲመለስ ደግሞ ጭራው ብቻውን ይበቃል።


ጠያቂዋ፦

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ «ሁለት ቤት አለው» ያሉት ነገር ቁልጭ ብሎ ነው የገባኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ከ«ቢኮዝ» በፊት ነጠላ ሰረዝ ባደርግ አይበቃም ነበር? አንድ ቦታ እንዲያ አንብቤያለሁ።


የድሮ አስተማሪ፦

ልክ አንብበሻል። እንግሊዝኛው ላይ አሉታ ካለና ኮማ ካደረግሽ፣ አሉታው እዚያ ያቆማል ተብሎ ይነበባል። በተለምዶ ከ«ቢኮዝ» በፊት ኮማ አይደረግም፤ ይህ ግን ኮማ ከሚፈለግባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ሆኖም እኔ ያን ያህል ትርጉም በአንዲት ጭረት ላይ አልጭንም። በስልክ የሚያነብ ሰው ኮማ አያይም። ዓረፍተ ነገሩን ለውጪው፣ ልጄ።


ተርጓሚ፦

አስተማሪው ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ሌላ ነገር ደግሞ አለ። አሉታው ባይኖር እንኳ «ቢኮዝ ኦፍ ዩ» አንቺ ያሰብሽው አይደለም። አንቺ ያሰብሽው «ለአንተ ብዬ» ነው። ይህ ሩቅ ነገር ነው። «ለአንተ ብዬ» ወደ ፊት ያያል፤ የምፈልገው ነገር አለ፣ ይመችህ ብዬ ነው። «ቢኮዝ ኦፍ ዩ» ወደ ኋላ ያያል፤ የሆነ ነገር ተፈጠረ፣ መነሻው አንተ ነህ። ከሰው ጋር ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ የወቀሳ ሽታ አለው። «በአንተ ጦስ» ማለት ምንም አይቀረው። ለበጎ ነገር «ታንክስ ቱ ዩ» ይባላል፤ ለሰው ተብሎ ለተደረገ ነገር «ፎር ዩ»፣ ወይም «ሶ ዩ ኩድ ካም» ዓይነት ነገር ይባላል። ባልደረባሽ ቀዝቀዝ ያለው ለዚህም ይመስለኛል። በአንድ አጭር መስመር ውስጥ ቀን እንደተቀየረም፣ የእሱ ስም በጥፋት እንደተነሳም ነው ያነበበው።

በአማርኛ እኮ ይህንን በደንብ እንለያለን። «በአንተ የተነሳ አመሸሁ» እና «ለአንተ ስል አመሸሁ» አንድ ናቸው የሚል ሰው የለም። አንዱ ቅሬታ ነው፣ አንዱ ውለታ ነው። እንግሊዝኛ ላይ ስንደርስ ግን ሁሉንም ሰብስበን «ቢኮዝ» ውስጥ እንከታለን፤ አንድ ቀን «ምክንያቱም ማለት ነው» ተብለናልና።

እኔ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስተረጉም ብዙ ዓመት ሆነኝ። ጀማሪ ሳለሁ ጽሑፌ ሁሉ በ«ምክንያቱም» የተሞላ ነበር። አንድ ገጽ ላይ ሰባት ስምንት ጊዜ። አንድ ታላቄ የሆነ አርታዒ ገጹን ይዞ መጣና ሁሉንም በቀይ ከበበብኝ፣ ከዚያ አጠገቤ ቁጭ ብሎ «እናትህ ምክንያት ስትነግርህ ምን ትላለች?» ብሎ ጠየቀኝ። አሰብኩ። «ምክንያቱም» ስትል ሰምቻት አላውቅም! «ለምን መሰለህ» ትላለች። «አሞኝ ነው» ትላለች። «ደክሟት ነዋ» ትላለች።

«አሞኝ ነው» የሚለውን በቅርብ እዩት። «ለምን አልመጣሽም?» «አሞኝ ነው።» ምክንያት የሚል ቃል የለም፣ «ስለ» የለም፣ ምንም የለም። «አሞኝ» እና «ነው» ብቻ ተገናኝተው ምክንያት ሆኑ። ወደ እንግሊዝኛ ሲሄድ «ቢኮዝ አይ ዋዝ ሲክ» ነው። ቃሉ ከየት መጣ? ከአማርኛው አወቃቀር ውስጥ ነው የወጣው። በተቃራኒው እንግሊዝኛው ላይ ያለውን «ቢኮዝ» ሁሉ በቃል ለመተካት ከሞከርን አማርኛው ይንገዳገዳል። «ስለ»ም፣ «በመሆኑ»ም፣ መጨረሻ ላይ የምትገባዋ «ና»ም ሁሉም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። መዝሙር 136 ላይ በእንግሊዝኛ «ፎር» የሚለው፣ በግእዝ «እስመ» የሚለው፣ በአማርኛ «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» ላይ ያለችው አንዲት ፊደል ናት። «ና»። እሷን አውጥታችሁ «ምክንያቱም» አስገቡና ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ልዩነቱን ጆሯችሁ ይነግራችኋል።

አንድ ሌላ ነገር፣ ከሁሉ የሚገርመኝ። «ቢኮዝ» ሁልጊዜ መንስኤ አይናገርም። «ሂ ኢዝ ሆም፣ ቢኮዝ ዘ ላይትስ አር ኦን» የሚለውን አስቡት። መብራት መብራቱ ሰውዬውን ቤት አላስገባውም። «ቤት መሆኑን ያወቅኩት መብራቱ ስለበራ ነው» ማለት ነው። በአማርኛ «ቤት ያለው መብራቱ ስለበራ ነው» ብዬ ብተረጉም አምፖሉ ጎትቶ ያስገባው ነው የሚመስለው። እኛ እንዴት እንላለን? «ቤት ሳይኖር አይቀርም፣ መብራቱ በርቷላ።» ግምቱን «ሳይኖር አይቀርም» ትሸከማለች፣ ማስረጃውን መጨረሻ ላይ ያለችው «ላ» ትሸከማለች።

ሦስተኛም አለ። «አር ዩ ቢዚ? ቢኮዝ አይ ኒድ ሄልፕ።» እዚህ ላይ ምክንያቱ የጥያቄው ነው፤ «የጠየቅኩህ እርዳታ ስለምፈልግ ነው» ማለት ነው። በአማርኛ «ሥራ ይዘሻል? እርዳታ ፈልጌ ነበር» ብለን እንጨርሰዋለን። ኢቭ ስዊትሰር የምትባል የቋንቋ ሊቅ በ1990 እነዚህን ሦስቱን ለያይታ አስቀምጣለች፦ የነገሩ ምክንያት፣ የማወቄ ምክንያት፣ የመናገሬ ምክንያት። ይህን ካወቅኩ ወዲህ አንድ «ቢኮዝ» ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «የምኑ ምክንያት ነው?» ብዬ ነው። ከዚያ በኋላ አማርኛው ራሱ ይመጣል።


ማታ አንባቢ፦

ስለ «ሲንስ» እና «አዝ» ማንም አልመለሰላትም፣ እኔ ልሞክር። አጭሩ ነገር፦ ሰሚው ምክንያቱን ያውቀዋል ወይስ አያውቀውም? የማያውቀው አዲስ ነገር ከሆነ «ቢኮዝ»። ሁለታችሁም የምታውቁት ከሆነ፣ እግረ መንገድ የሚጠቀስ ከሆነ «ሲንስ» ወይም «አዝ»፤ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ላይ ይገባሉ። «መቼም መጥተሃልና አብረን እንሥራው» የምንለው ዓይነት። መፈተኛው «ዋይ?» ነው። «ለምን ሄድሽ?» ለሚለው «ቢኮዝ አይ ዋዝ ታየርድ» ብሎ መመለስ ይቻላል። «ሲንስ አይ ዋዝ ታየርድ» ብሎ መመለስ ግን አይቻልም፣ ጆሮ ይቆረቁራል። የተጠየቀው ያልታወቀ ነገር ስለሆነ ነው።

በሥራ ጽሑፍ ላይ ግን እኔ «ሲንስ»ን እፈራታለሁ፤ ጊዜም ትናገራለች። «ሲንስ ሂ ሌፍት፣ አይ ወርክ አሎን» ሲል «ስለሄደ» ነው «ከሄደ ወዲህ»? «አዝ»ም ያው ናት፤ «እየሄደች ሳለ»ም ትሆናለች። ስለዚህ ጥርጣሬ ካለ «ቢኮዝ» ይሻላል።


የድሮ አስተማሪ፦

ማታ አንባቢ ጥሩ አድርገህ አስቀመጥከው። በመጨረሻው ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። «ሲንስ»ን ጊዜ ትመስላለች ብለው የሚከለክሉ አሉ፤ ነገር ግን ቃሏ በምክንያትነት ስታገለግል ብዙ መቶ ዓመት ሆኗታል፣ አብዛኛውን ጊዜም ዐውዱ ይለያታል። አሻሚ ስትሆን ብቻ ቀይራት። ሁሉንም «ቢኮዝ» ካደረግከው ለሰሚው የሚያውቀውን ነገር እንደ አዲስ እያበሰርክ ነው፤ ያም ሰውን ያሰለቻል።

ተርጓሚው ያነሳው የ«ምክንያቱም» ነገር አንድ ስህተት አስታወሰኝ፣ የእኛ ሰው በጣም የሚሳሳታት። በአማርኛ «ያልመጣሁበት ምክንያት ስለታመምኩ ነው» እንላለን። አንዳንዴም «አልመጣሁም፣ ምክንያቱም ታምሜ ስለነበር» ብለን ምክንያትን ሁለት ጊዜ እንደርባለን፤ ለጆሯችን አይከብድም። ይህን ይዘን «ዘ ሪዝን ኢዝ ቢኮዝ» እንጽፋለን። እንግሊዞቹም ራሳቸው ሲናገሩ ይሉታል፣ ሲጽፉም ይገኛል፤ ፈተና አራሚና አርታዒ ግን ብዙውን ጊዜ ይሰርዘዋል። «ዘ ሪዝን ኢዝ ዛት» ብትሉ ማንም አይነካችሁም። «ቢኮዝ» ራሷን የቻለች ዓረፍተ ነገር ታስከትላለች፣ «ቢኮዝ ኦፍ» ደግሞ ስም ታስከትላለች። «ቢኮዝ ኦፍ አይ ዋዝ ሲክ» አይባልም። ይህችን የማትስቱ ከሆነ ይቅርታ፣ እኔ ግን ብዙ ደብተር ላይ አርሜያታለሁ።


ቃል ቆፋሪ፦

ተርጓሚው «ለአንተ ብዬ» ወደ ፊት ያያል፣ «ቢኮዝ ኦፍ» ወደ ኋላ ያያል ያለውን ሳነብ ብድግ ነው ያልኩት። ምክንያቱም የጠያቂዋ ስህተት ከ400 ዓመት በፊት ስህተት አልነበረም!

ቃሉ መጀመሪያ ሁለት ቃል ነበር፦ «ባይ» እና «ኮዝ»። «በምክንያት» እንደማለት ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን ከፈረንሳይኛ «ፓር ኮዝ» ተቀድቶ ነው የመጣው። «ኮዝ» ደግሞ ከላቲን «ካውሳ» ነው። ከዚያ በፊት እንግሊዝኛ ምክንያት ሲናገር «ፎር»ን እና ከእሷ የተሠሩ ሐረጎችን ነበር የሚጠቀመው። ሁለቱ ቃላት ተጣብቀው አንድ ከሆኑ በኋላም ቃሉ ሁለቱንም ነገር ይሸከም ነበር፦ ያለፈውን መንስኤም፣ የሚመጣውን ዓላማም። በ1611 የታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ማቴዎስ 20፥31ን ክፈቱ። ሁለቱ ዕውሮች ሲጮኹ ሕዝቡ የገሠጻቸው «ቢኮዝ ዜይ ሹድ ሆልድ ዜር ፒስ» ይላል። ዛሬ የሚያነብ ሰው ግር ይለዋል። ትርጉሙ «ዝም እንዲሉ» ነው! ማለትም «ዝም ይበሉ ብለው»። የእኛ «ብዬ» ራሷ ናት። እንግሊዝኛ ያቺን ግማሽ ጣለና መንስኤዋን ብቻ አስቀረ፤ አማርኛ ግን የጣለችውን ግማሽ «ለአንተ ብዬ» ላይ ዛሬም ይዟታል።

ቃሉ ዛሬም እየተለወጠ ነው። በአፍ ሲፈጥን «ከዝ» ብቻ ይቀራል። በስልክ መልእክት ሁለት ፊደል፣ «ቢ» እና «ሲ»፣ ይበቃል። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ «ኦፍ»ን ጥለው ስሙን በቀጥታ ያስከትላሉ፦ «ቢኮዝ ሳይንስ»፣ «ቢኮዝ ሪዝንስ»። የአሜሪካ ዘዬዎችን የሚያጠናው አሜሪካን ዳያሌክት ሶሳይቲ በዚህ አዲስ አጠቃቀም የተነሳ «ቢኮዝ»ን የ2013 የዓመቱ ቃል ብሎ መርጧል። ኢሜይል ላይ አትጻፉት እንጂ ስታዩት የሰዋስው ስህተት ነው ብላችሁ አትለፉት። «ዝርዝሩ አያስፈልግም፣ ገብቶሃል» የሚል መልእክት አለበት።


ማታ አንባቢ፦

«ዝርዝሩ አያስፈልግም» ስትል አንድ ጥናት አስታወስከኝ። በ1978 ኤለን ላንገር የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ያሳተመችው ነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሰው ፎቶ ኮፒ ሊያነሳ ሲል አንዱ ጠጋ ይልና እንዲያስቀድመው ይጠይቀዋል። አንዳንዱን «5 ገጽ አለኝ፣ ማሽኑን ልጠቀም?» ብቻ ይለዋል። አንዳንዱን «ምክንያቱም ቸኩያለሁ» ብሎ ይጨምርለታል። አንዳንዱን ደግሞ «ምክንያቱም ኮፒ ማንሳት አለብኝ» ይለዋል። ይህ ሦስተኛው ምክንያት አይደለም እኮ! ፎቶ ኮፒ ማሽን ጋ የቆመ ሁሉ ኮፒ ሊያነሳ ነው።

ውጤቱ፦ ያለምንም ምክንያት ሲጠየቁ 60 በመቶው አስቀደመ። እውነተኛ ምክንያት ሲሰማ 94 በመቶው። ባዶውን «ቢኮዝ» ሲሰማስ? 93 በመቶው! ቃሉ ብቻውን በር ይከፍታል ማለት ነው። ግን ገጹ 20 ሲሆን ነገሩ ተቀየረ። ያለ ምክንያት 24 በመቶ፣ በባዶ ምክንያትም ያው 24 በመቶ፣ በእውነተኛው 42 በመቶ። ጉዳዩ ሲከብድ ሰው ቆም ብሎ ምክንያቱን ይመዝናል።

ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ይዞ «ቢኮዝ በል፣ ሁሉ ይሆንልሃል» ይላል። ሁለተኛውን ግማሽ ግን መርሳት የለብንም። የጠያቂዋ ባልደረባ የስብሰባ ቀኑ የሚመለከተው ሰው ነው። ስለዚህ «ቢኮዝ ኦፍ» የምትለዋን አይቶ አላለፋትም፣ ቆሞ መዘናት።


ተርጓሚ፦

አንዲት የተረሳች አለች፣ እሷን ልጨምርና ላብቃ። «ጀስት ቢኮዝ»። «ጀስት ቢኮዝ ዩ አር ኦልደር ደዝንት ሚን ዩ አር ራይት።» በአማርኛ «ታላቅ ስለሆንክ ብቻ ልክ ነህ ማለት አይደለም» ነው፤ «ብቻ» እና «ማለት አይደለም» ከሌሉ አይቆምም። ደግሞ ልጅ «ዋይ?» ሲል ትልቅ ሰው «ቢኮዝ!» ብሎ ከዘጋው፣ እሱን «ምክንያቱም!» ብላችሁ እንዳትተረጉሙት አደራ። «በቃ!» ነው። «ቢኮዝ አይ ሴድ ሶ» ደግሞ «አልኩህ አይደል!»


ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንዲት መስመር ይዤ መጥቼ ይህን ሁሉ ስላገኘሁ ደስ ብሎኛል። በተለይ «የምኑ ምክንያት ነው?» የምትለዋን ወረቀት ላይ ጽፌ ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌያታለሁ።

ዛሬ ጠዋት ለባልደረባዬ እንደገና ጻፍኩለት። በስልክ የተግባባን ቢሆንም በጽሑፍ የቀረው ያ መስመር አላስተኛኝም። ያሰብኩትን መጀመሪያ በአማርኛ አወጣሁት፦ «መምጣት እንድትችል ብዬ ቀኑን እንዳለ አቆየሁት።» አሉታ የለም። ወቀሳ የለም። ከዚያ፦

«አይ ኬፕት ዘ ዴት ሶ ዩ ኩድ ጆይን አስ።»

«ቢኮዝ» እንኳ አላስፈለጋትም። መልሱ ከአሥር ደቂቃ በኋላ መጣ። ሌሎቹ ቀኑ ይቀየር ብለው እንደነበር አላውቅም ነበር፣ ስለተከራከርሽልኝ አመሰግናለሁ ይላል። በስልኩ ለካ እኔ ስለ ቀኑ ብቻ ነው ያስረዳሁት፤ ለእሱ ብዬ መሆኑን የነገርኩት ገና ዛሬ ነው።